የተቆጠረ አንጓ፣ ያልተቆጠረ ጽናት

ከኦክላንድ መኻል ከተማ ተነሥቶ ቴሌግራፍ ጎዳናን ይዞ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ቴሜስካልን ያቋርጣል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶችን እያለፈ መንገዱን ቢቀጥል የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ይደርሳል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገዢ የዕቃውን ጥራት ከመግዛቱ በፊት ለይቶ ማወቅ በማይችልበት ገበያ ደኅናው ዕቃ በመናኛው እየተገፋ እንደሚወጣ አሳይቷል። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። ዛሬ ያው ሕመም ጎልቶ ከሚታይባቸው ገበያዎች አንዱ ለአዋቂ ሰብሳቢዎች የሚቀርበው የሮቦት አሻንጉሊት ገበያ ነው፤ ከእነዚህ ሮቦቶችም ብዙዎቹ ተጣጥፈው መኪና የሚሆኑ ናቸው።

በዚህ ገበያ የጥራት መለኪያ ሆኖ የነገሠው የመገጣጠሚያ ብዛት ነው። አንገቱ በስንት አቅጣጫ ይዞራል? ክርኑ አንድ አንጓ አለው ወይስ ሁለት? ጣቶቹ አንድ በአንድ ይታጠፋሉ? ሻጩ ቁጥሩን ያስተዋውቃል፤ ገምጋሚው ይቆጥራል፤ ገዢውም ቁጥሩ ከፍ ላለው ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል። የዚህ ሙግት ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ መገጣጠሚያ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የመገጣጠሚያን ብዛት ጥራት ብሎ መሰየም ግን ሮቦቱን ደካማ፣ ውድና ለልጅ ለማውረስ የማይበቃ እያደረገው ነው።

ቆጠራው የቆየ ታሪክ አለው። ሃዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ.አይ. ጆ የተባለውን ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ 21 ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እንዳሉት ያስተዋውቅ ነበር። በ1978 ደግሞ ኬነር የተባለው ኩባንያ የስታር ዋርስን ገጸ ባሕርያት በአምስት መገጣጠሚያ ብቻ ሠራቸው፦ አንድ አንገት፣ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ዳሌ። ልጆቹ አምስቱ አነሱን አላሉም። በ1984 ሃዝብሮ የጃፓኑ ታካራ ይሠራቸው የነበሩትን ተለዋዋጭ ሮቦቶች ትራንስፎርመርስ በሚል ስም አሜሪካ አስገባ። ከእነዚያ መካከል አይረንሃይድና ራቼት ጭራሽ ራስ አልነበራቸውም፤ ፊታቸው ከመኪናው የፊት መስተዋት ኋላ ወንበሩ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር። በቴሌቪዥን ራሱን እያዞረ የሚናገረውን ጀግና አይቶ ሱቅ የሄደ ልጅ የተሰጠው አንገት የሌለው ዕቃ ነበር።

ስለዚህ «ተጨማሪ መገጣጠሚያ ይገባናል» ያለው ትውልድ ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ጭማሪዎችም ዋጋቸው ታላቅ ነው። አንገት ሲዞር ሮቦቱ የሚያይ ይመስላል። ክርን ሲታጠፍ መሣሪያውን የያዘ ይመስላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥቂት ሰው የሚያመሰግነው ቁርጭምጭሚት ነው። ሮቦቱ እግሩን ከፈት አድርጎ ሲቆም፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን ካላዘነበለ የሚቆመው በጫማው ጠርዝ ነው፤ ካዘነበለ ግን መላ እግሩ መሬት ይነካል፣ ክብደቱም በስፋት ያርፋል። ሃዝብሮ «ሲጅ» በተባለው ተከታታይ ይህን ቁርጭምጭሚት በመደበኛ መጠን ላሉት ሮቦቶቹ የተለመደ ነገር ሲያደርግ፣ በትንሽ ወጪ ትልቅ ጥቅም ተገኝቷል። ይህ መገጣጠሚያ የተወደደው ቁጥር ስለጨመረ አይደለም፤ ሌሎቹ መገጣጠሚያዎች ሥራቸውን እንዲሠሩ መሠረት ስለሰጣቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭማሪ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። የተዘረጋ ክንድ ማንሻ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ክብደት ትከሻውን ወደ ታች የሚጠመዝዘው እንደ ርቀቱ መጠን ነው። ክርኑ ላይ ሁለተኛ አንጓ፣ አንጓው ላይ ብሎን፣ እጁ ላይ አምስት የሚታጠፉ ጣቶች ሲጨመሩ ክብደቱ ከትከሻው ርቆ ይከማቻል። ትከሻው በሰበቃ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ውሎ አድሮ ይወርዳል። ሠሪው ይህን ለመከላከል ባለ ጥርስ መገጣጠሚያ ያስገባል፤ ይህ ዓይነቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ክብደት ይሸከማል፤ ነገር ግን በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦታ ላይ መቆም አይችልም። ጣት እንዲንቀሳቀስ ተብሎ የተደረገው ጭማሪ፣ ትከሻው የነበረውን ነፃነት ነጠቀው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የዕድል ነው። ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ስሙን ያገኘው በ1986 ቻሌንጀር የተባለችውን መንኮራኩር ካጠፋት ኦ-ሪንግ የተባለ የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ብዙ ክፍሎች አንድ ላይ ካልሠሩ ዋጋ የሌለው ነገር፣ በአንዱ ድክመት ሁሉም ይወድቃል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ደኅና ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣል ብንል፣ ሃያ መገጣጠሚያ ካላቸው መቶ ሮቦቶች ውስጥ እንከን የሌለባቸው 82 ያህል ይሆናሉ። መገጣጠሚያው ስድሳ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 55 ይወርዳል። የሠራተኛው ጥንቃቄ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ሙሉው ነገር ደኅና የመሆኑ ዕድል ነው። በዚያ ላይ ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ በተሽከረከረ ቁጥር ይፋቃል። መገጣጠሚያ በአገልግሎት የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሰብሳቢው ግን የሚገዛው እንደማያልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ገበያው ስለምን ቁጥርን ይከተላል? መልሱ ወደ አከርሎፍ ይመልሳል። ቁጥር በሣጥን ላይ ይጻፋል፣ በፎቶግራፍ ይታያል። ጽናት ግን ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ሮቦቱ ክንዱን አንሥቶ፣ አንድ ወር መደርደሪያ ላይ ካልቆመ አይታወቅም። ሣጥኑን ፈጽሞ የማይከፍት ሰብሳቢ ደግሞ ጥቂት አይደለም፤ እርሱ ሊያውቀው የሚችለው ብቸኛ «ጥራት» የተጻፈው ቁጥር ነው። ቤንት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት፣ ከብዙ ሥራዎች አንዱ ብቻ ተለክቶ ከተሸለመ ጥረት ካልተለካው ወደ ተለካው ይሸሻል። መሐንዲሱ ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ የሚሠራው የተከፈለበትን ነው። ተጠያቂው ከፋዩ ነው።

ከዚህ ሙግት ተቃራኒ የሚቆመው ብርቱው ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ ሮቦት ማሽን ነው፣ የማሽን ባሕርይም መንቀሳቀስ ነው፤ የሰው ምስል በክርኑ ላይ ስንጥቅ ሲታይበት ቆዳው ይበላሻል፣ ሮቦት ግን በአንጓው ያምራል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እንቅስቃሴን ከአንጓ ብዛት ጋር አንድ ያደርጋል። እስክስታን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ጥሩ ተጫዋች ሌላውን አካል አርግቶ ትከሻውን ሲያናግር፣ ተመልካቹ ጉልበቱ አልታጠፈም ብሎ አያማርርም፤ እንዲያውም የቀረው አካል መርጋቱ ነው ትከሻውን የሚያጎላው። ሮቦትም ገጸ ባሕርይው የሚናገርበት ቦታ አለው። ፖፒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ከብረት ቀልጦ የሠራው ማዚንገር ዜድ እጁን እንደ ሮኬት ይተኩስ ነበር፤ ልጁ ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን እጅ ነው። ጥያቄው «ስንት ቦታ ይታጠፋል?» ሳይሆን «መታጠፍ ያለበት ቦታ ታጥፎ ይቆያል ወይ?» መሆን አለበት።

ለዚህ ምስክሩ ከቴሜስካል ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ይገኛል። መቀመጫው ሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ሱፐር ሰቨን የትራንስፎርመርስን ገጸ ባሕርያት በሁለት መንገድ ሸጧል። «ሪአክሽን» የተባሉት በጥንቱ የኬነር ሥርዓት አምስት መገጣጠሚያ ያላቸው ትንንሽ ሮቦቶች ናቸው፤ «አልቲሜትስ» የተባሉት ትልልቅ፣ ብዙ መገጣጠሚያ ያላቸውና ዋጋቸው ከእጥፍ በላይ የሆነ ናቸው። ሁለቱም ወደ መኪና አይለወጡም። ቁጥር ጥራት ቢሆን ኖሮ አዋቂ ሰው አምስት አንጓ ላለው ፕላስቲክ ገንዘቡን አያወጣም ነበር። ይህ የልጅነት ናፍቆት ብቻ ነው ይባል ይሆናል። ናፍቆትም ቢሆን የሚከፈልበት ነገር አለው፤ የሚከፈለው በአንጓ ላልተቆራረጠ ቅርጽ፣ ከሩቅ ለሚለይ መልክና ከእጅ ሲወድቅ ለማይሰበር አካል ነው።

ቁጥር ሌላም ጉዳት አለው፤ ማቆሚያ የለውም። የታካራ «ማስተርፒስ» የተባለው ተከታታይ ኦፕቲመስ ፕራይምን እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2011ና በ2019 እንደ አዲስ ቀርጾ አውጥቷል። ጥራት በብዛት ከተለካ፣ የዛሬው ምርጥ ለነገው ቁጥር መሸነፉ የማይቀር ነው። ለዘለቄታው ይሆናል ተብሎ የተገዛው ቅርስ እንደ ስልክ ያረጃል። ሰብሳቢው ቁጥርን ባሞገሰ ጊዜ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ያለውን የራሱን ንብረት ዋጋ እያወረደ መሆኑን ልብ ሊል ይገባዋል።

ጉዳዩ ለስደተኛ ቤተሰብ ከመዝናኛ ያለፈ ነው። አባት ከሌሊት ሥራው ቆጥቦ የገዛውን ሮቦት ልጁ እንዲነካው ይፈልጋል፣ ወይም አንድ ቀን እንዲረከበው። በቀጭን ሽቦ የተሰኩ ስድሳ አንጓዎች ያሉት ሮቦት ለልጅ እጅ አይሰጥም፤ «ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል ለእርሱ የተነገረ ይመስላል። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። እዚያው ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 በተከፈተው የቴሜስካል ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ውስጥ የኦክላንድ ከተማ ለነዋሪዎቹ የሥራ መሣሪያ በነፃ ያውሳል። በብሎን የተያያዘ ትከሻ ሲላላ በካቻቪቴ ይጠብቃል፤ ተጨፍልቆ የተዘጋና ተጣብቆ የቀረ ትከሻ ግን ምንም መሣሪያ ቢዋስለት አይድንም።

እንግዲህ ገዢው የሚጠይቀውን ይለውጥ። ሠሪዎች የትኛው መገጣጠሚያ በብሎን እንደሚጠብቅና መለዋወጫው እንደሚሸጥ ሣጥኑ ላይ ይጻፉ። ገምጋሚዎች አንጓ ከመቁጠር ይልቅ ሮቦቱን ክንዱን ዘርግተው አንድ ወር ያቁሙት፣ የወረደውንም ያልወረደውንም ይንገሩ። ገዢውም ይህን ሳይሰማ ለቁጥር ተጨማሪ ገንዘብ አያውጣ። እስከዚያ ድረስ አምስት ጽኑ መገጣጠሚያ ያለው ሮቦት፣ ስድሳ የላሉ አንጓዎችን ተሸክሞ በመደርደሪያ ግድግዳ ከተደገፈው ይሻላል።