በባቡር ወደ ባሕር ስለ መውረድ

ከአራዳ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰው በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲያልፍ ሸክም ሳያይ አያልፍም። አንዱ ጣቃ ጨርቅ፥ አንዱ የብረት ድስት፥ አንዱም በገመድ የታሰረ ካርቶን ተሸክሞ ይጣደፋል። ዕቃው ከወዴት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ ነጋዴውም ተሸካሚውም «ከጅቡቲ ነው» ይላል። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በዚያ ወደብ ያልፋልና መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን ለብዙው ሰው ጅቡቲ ስም ብቻ ናት፤ ዕቃው የመጣበትን መንገድ በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው።

መንገዱም እንዲሁ በቀላል የተገኘ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ስለ ከለከለው ሐዲዱ በሜዳ ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚህ ምክንያት ከተማ ሆነች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዐርፈው ነበርና ይህን ቀን አላዩም፤ ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን እስከ 1919 ኖረዋልና ለማየት በቁ።

በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት አዋሽ፥ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር፤ መንገዱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙ በማይበልጥ ጊዜ ያደርሳልና የዛሬ ሰው ይህን ሰምቶ ይሥቅ ይሆናል። ለነጋዴ መፍጠን ይገባዋል፤ በዚህ ክርክር የለም። አገሩን ሊያውቅ ለሚወድ ግን ያ ቀርፋፋ ባቡር ደግ አስተማሪ ነበር።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከተማ ጋቢውን ተከናንቦ የወጣ ሰው በቢሾፍቱና በሞጆ የጤፍ እርሻ ያያል። አዳማን ሲያልፍ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። መተሐራ ሲደርስ የፈንታሌ ተራራ በአንድ ወገን ይቆማል፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ በምድር ላይ ተነጥፏል፤ የበሰቃም ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መሬት ሲውጥ ይታያል። ከአዋሽ ገደል ማዶ ግራሩ፥ ግመሉ፥ የአፋርና የኢሳ ሰው ከመንጋው ጋራ ይመጣል። ከድሬዳዋ በኋላ ድንጋይና ሙቀት ይበረታል፤ በመጨረሻው ግን የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰማያዊ ውኃ ይገለጣል።

በአየር የሄደ ሰው ይህን ሁሉ «በረሃ» በሚል በአንድ ቃል ይዘለዋል። ቃሉም በደል የሚወልድበት ጊዜ አለ፤ ሰው የለበትም የተባለ ምድር ባለቤት የለውም ወደ ማለት ያደርሳልና። በመስኮቱ ሆኖ እረኛው መንጋውን ወደ ውኃ ሲነዳ ያየ ደገኛ ግን እንዲህ ብሎ ለመናገር አፉ አይደፍርም።

ዛሬ ያ ባቡር ከለገሃር አይነሣም። በ2009 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር፥ ከፉሪ ለቡ ነው፤ ጥንት ከድልድዩ በእግሩ ወርዶ ይሳፈር የነበረው ሰው አሁን መኪና መፈለግ ግድ ሆኖበታል። ይህ ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ መስኮቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ተመልካቹ ነው፤ ብዙው መንገደኛ በስልኩ ላይ አጎንብሶ ፈንታሌን ያልፋልና። አቅም ያለው አባት ልጁን አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ ቢወስደው፥ የቲኬቱ ዋጋ ከብዙ መጫወቻ የተሻለ ስጦታ ይሆንለታል።

እንዲህ ያለ ልጅ ተመልሶ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲያልፍ ጣቃ የተሸከመውን ሰው አይቶ ይቆማል። «አባባ፥ ይህም በአዋሽ ገደል በኩል አልፎ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል።