ሁለት መጠበቂያ ክፍሎች

 

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ለመሳለም ከተሰለፉት መካከል አንዲት ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባታችን፣ እርስዎ በቢዝነስ ክላስ ሄደው ያውቃሉ አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ከኋላዋ የቆሙት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። «እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ» አልኋት። ከዚያ በኋላ ዋናውን ጥያቄ አመጣችው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው። ዶራ ያለው ትኬት ሻጭ «ጥቂት ጨምሪና ከፊት ላስቀምጥሽ» ብሏታል። ጥቂት ያለው የአራት ወር ደመወዟን ነው። «አባቴ፣ ስመጣ እንደ ዕቃ ነው የመጣሁት። ስመለስ እንኳ እንደ ሰው ልመለስ ብዬ ነው። ኃጢአት ይሆንብኛል?» አለችኝ።

ሰልፉ ስለሚጠብቅ በቆምንበት ልመልስላት አልቻልሁም። እንዲህ ያለው አሳብ የእርሷ ብቻ እንዳልሆነም ስለማውቅ መልሱን ለሁላችሁም በዚህ ዓምድ ልጻፈው።

ጉዞው በ2015 ዓ.ም. በሰኔ ጾም ነበር። ድሮ እዚሁ አሽረፊዬ ሰው ቤት ትሠራ የነበረች፣ ኋላ ወደ አሜሪካ የተሻገረች የንስሐ ልጄ ሴት ልጅ ወለደች። «በሰማንያ ቀኗ የሚያጠምቅልኝ አባቴ ነው» ብላ ከባለቤቷ ጋር ትኬት ቆርጠው ላኩልኝ። ትኬቱ የፊተኛው ክፍል መሆኑን እኔ አላወቅሁም። ኤርፖርት ደርሼ ከረጅሙ ሰልፍ ጫፍ ስቆም አንድ ሠራተኛ ትኬቴን አይቶ ሰው ወደሌለበት መስኮት ወሰደኝ። ሻንጣዬ ላይ ቀድሞ ይውረድ የሚል ወረቀት ታሰረበት። ቀጥሎም ላውንጅ ወደሚሉት ቤት ግቡ ተባልሁ።

ላውንጅ ማለት ሌላ አይደለም፤ መጠበቂያ ክፍል ነው። ምንጣፍ አለው፣ ለስላሳ ወንበር አለው፣ የሚበላና የሚጠጣ ያለ ዋጋ ይቀርባል፤ አንዳንዱ ዘንድ ገላ መታጠቢያም አለ። ጾም ስለሆነ ቴምርና ሻይ ወሰድሁ። ሑሞስም ነበረ፤ ያለ ሑሞስ ሊባኖስ እንደሌለ እናንተ ታውቃላችሁ።

እዚያ ተቀምጬ የተማሪነት ዘመኔን አሰብሁ። ከዋሸራ ቅኔ ወጥቼ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በዓታ የሄድሁት በባዶ እግሬ ነው። የእኛ መጠበቂያ ክፍል የሰው ደጅ ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ቆመን፣ ውሻውን በዱላ እየተከላከልን፣ የቤቱ እመቤት ቁራሽ ይዛ እስክትወጣ እንጠብቃለን። አስጠግቶ እግራችንን የሚያጥበን ባላገር ያገኘን ዕለት፣ ቢዝነስ ክላሳችን ያ ነበር።

እናንተ ደግሞ ሌላ መጠበቂያ ክፍል ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ ቤይሩት የገባችሁ ዕለት፣ ፓስፖርታችሁን ተቀብለው ከሌላው መንገደኛ ለይተው ባንድ ክፍል አስቀመጧችሁ። ካፊሉ እስኪመጣ አንዳንዳችሁ ሰዓታት፣ አንዳንዳችሁ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቃችሁ። ስም ሲጠራ ፓስፖርቱ በባለቤቷ እጅ ሳይሆን በካፊሉ እጅ ሲገባ አያችሁ። ሁለቱ ክፍሎች የሚገኙት በአንድ ኤርፖርት ጣራ ሥር ነው። እኔም ያን ሌሊት በአንደኛው ተቀምጬ ስለ ሁለተኛው ሳስብ በበሩ መስታወት ውጭ አንዲት ልጃችንን አየሁ።

የሕፃን ጋሪ ይዛ ቆማለች። የምትሠራላቸው ሰዎች ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፤ ባልየው ምዕራብ አፍሪካ ስለሚነግድ ቤተሰቡ ለክረምት ወደዚያ መሄዱ ነው። የእነርሱ ትኬት የፊት ነው፤ የእርሷ የኋላ ስለሆነ መግባት አይፈቀድላትም። የክፍሉን ሠራተኛ «እንግዳዬ አድርጌ ላስገባት» ብዬ ጠየቅሁት፤ «ትኬትዎ ለአንድ ሰው ብቻ ነው» አለኝ። ሕግ ነውና አልተከራከርሁም። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ለመያዝም አልተፈቀደልኝም፤ ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። የኮልፌ ልጅ ናት። ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገሯን አላየችም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተነሥተን ጠዋት ሁለት ሰዓት ቦሌ ደረስን። እኔ ወደ ዋሽንግተን የምሄደው ማታ ነው። የእነርሱ አውሮፕላን አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ቦሌም ላውንጅ አለ፤ ያውም ቡና ተቆልቶ የሚፈላበት። እኔ አንድ ስኒ ቡና ስቀበል እመቤቲቱ ከአጠገቤ ተቀምጣለች። ልጅቷ በመተላለፊያው አዳራሽ ወንበር ላይ ናት። አዲስ አበባ ናት እኮ! እናቷ ያለችበት ከተማ ናት። ግን ፓስፖርቷ በእመቤቲቱ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሄጄ በተሰባበረው ዓረብኛዬ፣ «ይህች ልጅ እናቷ እዚሁ ናት። ፓስፖርቷን ስጫትና ወጥታ ተሳልማት ትመለስ፤ እኔ አብሬያት እወጣለሁ» አልኋት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልጇን አቅፋ ጥቂት አሰበች። «አቡና፣ ብትጠፋብኝስ?» አለችኝ። በዚህ ስንነጋገር ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ ተነሥታ መጣችና ፓስፖርቱን በልጅቷ እጅ ሰጠቻት፤ ያን ጊዜ ግን ወጥቶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ አልቀረም። ስልኬን ሰጠኋት፤ ለእናቷ ደወለች። «እማዬ፣ ቦሌ ነኝ» ስትል የእናቲቱ ጩኸት እኔ ድረስ ተሰማ። እስኪጠሩአቸው ድረስ ፓስፖርቱን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

እነርሱ ከበረሩ በኋላ እኔ ወጣሁ። ማታ ድረስ ቀኑ የእኔ ነው፤ እኅቴን ልጠይቅ ነው። መውጫው ላይ ፓስፖርቴን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁ፤ ማኅተም አድርገው አሳለፉኝ። የእርሷም የእኔም ፓስፖርት አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የኔ በኪሴ መሆኑ ብቻ ነው። በደጅ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት፣ ፌስታል ይዘው ከሚወጣው ሰው ሁሉ ፊት ፊት ይፈልጋሉ። በስልኬ ደወልሁ፤ የሳቸው ስልክ ጮኸ። የተላከው አውሮፕላን ሄዷል ብሎ መናገር እንዴት ከባድ ነው! «ከስታለች?» አሉኝ። «አልከሳችም» አልሁ። በፌስታሉ ውስጥ ያለው ቆሎ ነበር፤ ሙቀቱ ገና አልወጣለትም። ያን ቆሎ እኅቴ ዘንድ አስቀመጥሁት፤ ስመለስ ይዤው ቤይሩት ገባሁ፤ በመከር ወራት እመቤቶቿ ሲመለሱ በጓደኛዋ እጅ ደረሳት። የቆሎ ተማሪ የነበርሁት እኔ፣ ቆሎ በቢዝነስ ክላስ አሳፍሬ መጣሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ይህ የወንበር መለያየት ከጥንት የነበረ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ አውሮፕላኖቹ ከዓለም ጦርነት የተረፉ የወታደር አውሮፕላኖች ነበሩ። መንገደኛው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃው መሐል ይጫን ነበር። ላውንጅ የሚባለውን መጀመሪያ የከፈተው አንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ሲሆን፣ በኒው ዮርክ በ1939 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቢዝነስ ክላስ የመጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ነጋዴ በርካሽ ትኬት ከሚሄደው ጎብኚ ጋር እኩል መጨናነቁን ስላልወደደ፣ አየር መንገዶቹ መጋረጃ አበጁለት። ስለዚህ መጋረጃው የገበያ መጋረጃ ነው እንጂ የክብር መለኪያ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ከፊት፣ ድኻውን ከእግር መርገጫ ሥር ስለሚያስቀምጡ ሰዎች የወቀሰው ወንበሩን ጠልቶ አይደለም፤ ሰውን በወንበሩ የመመዘንን ልብ ነው።

ባሕሩም በመጋረጃ አይለይም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት፣ በዝናብና በመብረቅ ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን ደቂቃዎች ሳይቆይ ናዕሜ ፊት ለፊት ባሕር ውስጥ ወደቀ። 90 ሰዎች ነበሩ፤ አንድም አልተረፈም። የፈረንሳይ አምባሳደር ባለቤት ነበሩበት፤ ነጋዴዎች ነበሩበት፤ ለዓመታት ሠርተው ወደ እናታቸው የሚመለሱ እኅቶቻችሁም ነበሩበት። ሁሉንም ያለቀሰላቸው አንድ የባሕር ዳርቻ ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

ታዲያ ልጄ ሆይ፣ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ በላብሽ ያገኘሽውን ገንዘብ ለደከመ ጎንሽ ማውጣት ኃጢአት አይደለም። ዐሥራ አንድ ዓመት የቆመ እግር ቢዘረጋ ማን ይቆጣዋል? ነገር ግን ከመክፈልሽ በፊት የምትገዢውን ዕወቂ። እኔ አልጋ ሆኖ የተዘረጋልኝ ወንበር ያገኘሁት ከአዲስ አበባ ወዲያ በረጅሙ ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ትልቅ አውሮፕላን ሰውም ዕቃም ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅም ጭኖ ለመነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ በመንገድ ወርደን ነዳጅ ቀዳን፤ ስመለስ ግን በቀጥታ መጣን። እንዲህ ላለ ሌሊት ከቀን ለሚገናኝበት መንገድ አልጋው ያስመሰግናል። ከቤይሩት አዲስ አበባ ግን አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ እኔ የሄድሁበትም ትንሽ አውሮፕላን ነበርና ወንበሩ ሰፊ ነው እንጂ አልጋ አይሆንም። የፊተኛውም የኋለኛውም ቦሌ የሚያርፉት በአንድ ደቂቃ ነው።

ሻንጣሽም የሚያሳስብሽ ከሆነ ዋጋውን አስልተሽ ጠይቂ። ከኋላ ለሚቀመጥ በብዙ መስመር አንዱ ሻንጣ እስከ 23 ኪሎ፣ ከፊት ላለው እስከ 32 ኪሎ ነው፤ በትኬትሽ ላይ የተጻፈውን ግን በዓይንሽ እዪ። አንዳንድ ጊዜ ለትርፍ ኪሎ መክፈል ወንበር ከመለወጥ ይረክሳል። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት እዘዢ፤ ይህ ከፊትም ከኋላም ለተቀመጠ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው። የኋላው ክፍል ከልክ በላይ ሲሸጥ አየር መንገዱ ራሱ አንዳንዱን ያለ ክፍያ ወደ ፊት ያሳልፋል፤ ቢደርስሽ አትፈሪ፣ ቀና ብለሽ ተቀመጪ።

ደግሞም ሁላችሁ ይህን ልብ በሉ። በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሊባኖስ የወጣው የቤት ሠራተኞች ውል፣ ኮንትራቷን ለጨረሰች ሠራተኛ የመመለሻ ትኬት የሚከፍለው አሠሪው እንደ ሆነ ይናገራል። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ሐዝሚዬ ቆንስላው በር ላይ ሻንጣቸውን ይዘው የተጣሉትን እኅቶች አትረሱአቸውም፤ የብዙዎቹ ጭንቀት ደመወዝና ይኸው ትኬት ነበር። ስለዚህ ከራሳችሁ ኪስ ከማውጣታችሁ በፊት መብታችሁን ጠይቁ። ፓስፖርታችሁ የአሠሪ ንብረት አይደለም፤ ከእጃችሁ ቢወጣም የፊት ገጹንና የኢቃማችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኗት ጓደኛ ላኩ። ከአሠሪ ጋር በአገራችሁ በኩል የምታልፉ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እንደ ኮልፌዋ ልጅ ኤርፖርት ከደረሱ በኋላ መጀመር ይዘገያል።

ለጠየቀችኝ ልጅ የምላት ይህ ነው። ዕዳሽ ከተከፈለ፣ የእናትሽ ቤት ክዳን ካላፈሰሰ፣ አገርሽ ስትገቢ ለመቋቋሚያ የሚሆንሽ ከተረፈ፣ ፓስፖርትሽም በእጅሽ ካለ፣ ከፊት ተቀመጪ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የአራት ወሩን ደመወዝ ይዘሽ ከኋላ ተቀመጪ። እንደ ዕቃ መጣሁ ላልሽው ግን፣ እንደ ሰው የሚያስመልስሽ የወንበሩ ስፋት አይደለም። ቦሌ መውጫው ላይ ፓስፖርትሽን ራስሽ ከቦርሳሽ አውጥተሽ ስታሳዪ፣ ውጭ የቆመችው እናትሽ ፌስታሏን ይዛ ስታይሽ፣ ያን ጊዜ እንደ ሰው ተመልሰሻል።

ምን እንደ ወሰነች ገና አልነገረችኝም። በየትኛውም ብትሄድ ከቦሌ እንድትደውልልኝ ለምኛታለሁ።

በመንገድ ያላችሁትን በሰላም ያግባችሁ፤ በሥራ ያላችሁትን ይጠብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።