ከገፈርሳ እስከ ቆቃ፦ ስለ ግድብ ሽርሽር

የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በግቢያችን ውስጥ ስለ ጉባ ጉዞ የማይነጋገር ተማሪ የለም። ነገሩ ደስ ያሰኛል። ከጉሊቷ ቆጥባ ቦንድ የገዛች እናት፣ ከደመወዙ ሲቀነስበት የኖረ መምህር፣ ልጃቸው ወይም ተማሪያቸው ሄዶ የንጋትን ሐይቅ በዓይኑ አይቶ ቢነግራቸው እንዴት አይደሰቱ! እኛም ጉዞውን አንቃወምም። ነገር ግን ጉባ ሩቅ ነው፤ የተማሪ ኪስም የታወቀ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን በደጃችን ያሉትን ግድቦች ሳናውቅ ወደዚያ ብንሄድ ከግንቡ ቁመት በቀር ምን አይተን እንደምንመለስ ያሳስበናል።

የግድብ ሽርሽር እስከ ዛሬ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአውቶቡሱ ውስጥ ከበሮና ጭብጨባ፤ እንደ ደረሱ ድፎ ዳቦ መቁረስ፤ ከዚያ ውሃውን ከኋላ አድርጎ ፎቶግራፍ መነሣት፤ ማታ «ቆንጆ ቦታ ነው» እያሉ መመለስ። (ይህን ስንል መዝናናትን የምንጠላ አስመስሎ የሚያወራብን ጓደኛ አይጠፋም። ዳቦው ሲቆረስ ከኋላ ተሰልፈን እናውቃለን ብለን ግን አንምልም።) ቆንጆ መሆኑንስ ማን ይክዳል? ጥያቄያችን ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በመንገዱም ምን እንደሚያገኘው ሳይጠይቁ መመለስ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይበቃዋልን? የሚል ነው።

እስቲ አንዱን ውሃ እንከተል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ገፈርሳ አለ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ለከተማው የመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በስተምሥራቅ ለገዳዲ በ1962 ዓ.ም. ገደማ፣ ድሬ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጨመሩለት። ገፈርሳን ከክረምት ማግሥት ላየው ሰው፣ ብርዱ፣ ዙሪያውን የከበቡት ኮረብቶች፣ ከአገራችን በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ በሣሩ ላይ ሲግጥ፣ ሁሉም ልብን ያሳርፋል። ከዚያ የተጠለለው ውሃ በቧንቧ ወደ እኛ ይመጣል፤ እንጠጣዋለን፣ እንታጠብበታለን። ከዚያስ? ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የከተማውን እድፍ፣ የፋብሪካውን ዝቃጭ፣ የመጸዳጃውን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ በመንገድም ገበሬው ጎመንና ሰላጣ ያጠጣባቸዋል። ያ ጎመን ወደ ገበያችን ይመለሳል።

ሁለቱ አቃቂዎች የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። አባ ሳሙኤል ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን ጉልበቱ 6.6 ሜጋዋት ነበር። ለአሥራ አምስት ለሃያ ዓመት አይደለም፤ ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ኖሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ገደማ በቻይናውያን እርዳታ ታደሰ። ግድቡ ራሱ በኮረብታ መካከል የተቀመጠ፣ አቀማመጡ የሚያምር ነው። ይሁን እንጂ ወደዚያ ለሽርሽር የሚሄድ የለም፤ ውሃው ይሸታል፤ ላዩንም እምቦጭ ይሸፍነዋል። ገፈርሳን የምናደንቅ እኛው፣ አባ ሳሙኤልን እንደዚህ ያደረግንም እኛው ነን።

አቃቂ ከአዋሽ ጋር ተገናኝቶ ቆቃ ይገባል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሣ ተሠርቶ 43.2 ሜጋዋት እንዲሰጥ ሆነ። በደም የተገኘ ገንዘብ ነውና ልንኮራበትና ልንጠብቀው በተገባን ነበር። ነገር ግን አዋሽና ገባሮቹ ከደጋው እየጠረጉ ያመጡት ደለል የሐይቁን ማጠራቀሚያ በብዙ ቀንሶታል። እምቦጭ በአገራችን መጀመሪያ የታየውም ግድቡ ከተመረቀ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። በዳርቻው ባሉት መንደሮችም የወባ በሽታ ራቅ ብለው ካሉት ይልቅ የበረታ መሆኑን የመረመሩት ሰዎች ጽፈዋል። መሬቱ ከውሃ በታች የቀረበት ገበሬስ? ጉማሬ ለማየት በጀልባ የሚዞር ጎብኚ በማን እርሻ ላይ እንደሚቀዝፍ የሚነግረው የለም።

አንዳንድ መምህራን፣ ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ይሉ ይሆናል። አክብሮታችን እንደ ተጠበቀ ሆኖ አንስማማም። ተዳፋቱን እስከ ጫፍ ያረሰው ገበሬ ሌላ መሬት እንደሌለው የሚያጠናው የኢኮኖሚ ተማሪ ነው፤ የተነሣው ሰው ካሣ ምን ያህል መሆን እንደሚገባው የሚከራከረው የሕግ ተማሪ ነው፤ ወባውን የሚያክመው የሕክምና ተማሪ ነው። መሐንዲሱ ግንቡን ቢያቆመውም የኮረብታውን አፈር ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። ዓባይ በክረምት ጠቁሮ የሚወርደው የጎጃምንና የወሎን፣ የሸዋንና የወለጋን አፈር ይዞ ነው፤ 5150 ሜጋዋት የተባለለት ግድብም የሚተኛው በዚያው አፈር መንገድ ላይ ነው። ቆቃን ያየ ተማሪ ጉባ ሲደርስ ዓይኑን ከግንቡ ላይ አንሥቶ ወደ ላይኛው አገር ያቀናል ብለን እናምናለን።

ስለዚህ የማኅበራችን የሽርሽር ኮሚቴ ከፈተና በኋላ የሚመጡትን አንድ ቅዳሜና እሑድ ለዚህ ጉዞ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ቅዳሜ ጧት ገፈርሳ፣ ከሰዓት በኋላ አባ ሳሙኤል፣ እሑድ ቆቃ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከሦስቱም ቦታ በጠርሙስ ውሃ ይቅዱና መርምረው ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፉልን፤ ኦሮምኛ የሚችሉ ጓደኞቻችን ከዳርቻው ሽማግሌዎች ጋር ያነጋግሩን። ለመግቢያ ፈቃዱ ደብዳቤ ቀደም ብሎ ይጻፍ፤ በር ላይ ደርሶ ከዘበኛ ጋር መከራከር ግማሽ ቀን ይበላልና። ዳቦው ግን ገፈርሳ ላይ ይቆረስ፤ አባ ሳሙኤል ላይ የሚበላ ሰው የሚገኝ አይመስለንም።