ደሙስ አነሰ፤ ግን ለምን?

ወላጆቹን አገር ቤት ትቶ አዲስ አበባ የከተመው ትውልዳችን አንድ የጋራ ልማድ አለው። ስልክ ይደወላል። «እማዬን አሟት ጤና ጣቢያ ወስደናት ነበር» ይላል ታናሽ ወንድም። «ምን አሏት?» «ደም ማነስ ነው አሉ።» እፎይ! ካንሰር አላሏት፣ ስኳር አላሏት፤ ደም ማነስ ብቻ። ወዲያው በቴሌብር ብር ይላካል፣ ቀይ ሥር እንድትጠጣ ይታዘዛል፣ «ደም የሚጨምር» ሽሮፕ ከፋርማሲ ተገዝቶ መካነ ሰላም በሚሄድ አውቶቡስ ይጫናል። ልጅም ግዴታዬን ተወጣሁ ብሎ ይተኛል።

አልተወጣም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ይህንኑ ለማለት ነው፤ የሚቀየም ይቀየም።

ደም ማነስ የበሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት የበሽታ ስም እንዳልሆነ ሁሉ ደም ማነስም ምልክት ነው። ከቤቱ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው «ጭስ ነው» ብሎ አይተኛም፤ ምን እየነደደ እንደሆነ ይጠይቃል። የአንድ ቀይ የደም ሴል ዕድሜ 120 ቀን ገደማ ነው። መቅኒ ያረጀውን በአዲስ እየተካ ይኖራል። ቁጥሩ ሲወርድ እንግዲህ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሆኗል፤ ወይ ደም የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ሴሎቹ ዕድሜያቸውን ሳይጨርሱ እየፈረሱ ነው፣ ወይ መቅኒው በበቂ እያመረተ አይደለም። የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ሽሮፕ መላክ በሚያፈስ ጀሪካን ላይ ውሃ መጨመር ነው።

ብረቱ የት ሄደ?

የሲ.ቢ.ሲ. ውጤት የታተመበትን ወረቀት ሲያይ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ሄሞግሎቢን ላይ ነው። ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ ግን ኤም.ሲ.ቪ. የሚባል ቁጥር አለ። የቀይ ሴሎቹን ግዝፈት ይናገራል። ከ80 በታች ከሆነ ሴሎቹ ኮስሰዋል፤ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ገዝፈዋል፤ ቫይታሚን ቢ12 ወይም ፎሌት ጎድሎ፣ ጉበት ታሞ፣ አረቄ በዝቶ ወይም መቅኒው ራሱ ታውኮ ሊሆን ይችላል። መሐል ላይ ከሆነ ኩላሊትን፣ ቲቢን፣ ኤች.አይ.ቪን፣ ሌላም ሥር የሰደደ በሽታን መጠርጠር ነው። ይህ ፍንጭ ተጨማሪ ብር አያስከፍልም፤ ቀድሞ በተከፈለበት ወረቀት ላይ ተጽፏል። የጠፋው የሚያነበው ነው።

ብረት ጎደለ እንበል። የ25 ዓመት ሴት ብትሆን የወር አበባና ወሊድ ሊያስረዱት ይችላሉ። የ68 ዓመት እናት ግን የወር አበባዋ ከቆመ ብዙ ዘመን አልፏል። አባትህማ ድሮም አያውቀውም። ታዲያ ብረቱ የት ሄደ? በዚህ ዕድሜ የሕክምናው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ደም እየፈሰሰ ነው ብለህ ፈልግ። የጨጓራ ቁስል ሊሆን ይችላል። መንጠቆ ትል ሊሆን ይችላል። ለጉልበት ሕመም ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ጨጓራን አቁስሎ ሊሆን ይችላል። የአንጀት ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

ሽሮፑ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ብረት ሲወሰድ ቁጥሩ ለጥቂት ወራት ከፍ ሊል ይችላል። እማዬ ትበረታለች፣ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፣ ምርመራው ይረሳል። ዕጢው ግን ሽሮፑን አያውቀውም፤ ሥራውን ይቀጥላል። በዚያ ላይ የብረት እንክብል ራሱ ዐይነ ምድርን ያጠቁራል። ስለዚህ «ዐይነ ምድርሽ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል ወይ?» የሚለው ቁልፍ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት እንክብሉ ከመጀመሩ በፊት ነው። ጥያቄው ያሳፍራል? ያሳፍር። ከቀብር አይብስም።

ቢ12ም እንዲሁ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ጨጓራ ቢ12ን ከምግብ ለይቶ ማውጣት ያዳግተዋል። ለስኳር ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የሚወስድ ሰውም ሊጎድለው ይችላል። ብረትና ፎሊክ አሲድ የተቀላቀለበት እንክብል ደግሞ የደሙን ቁጥር አሳምሮ የነርቩን ጉዳት ሊደብቅ ይችላል። እግሯ ይደነዝዛል፣ ስትሄድ ትንገዳገዳለች፤ ወረቀቱ ግን «ተሻሽሏል» ይላል።

ቋንቋችንም ያታልለናል

አንድ ነገር ልብ ብላችኋል? አማርኛችን ከፍተኛ የደም ግፊትን «ደም ብዛት» ይለዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ደም ብዛትና ደም ማነስ ተቃራኒ ይመስሉታል። «አባዬ ደም ብዛት አለበት፤ እንዴት ደም ይነሰዋል?» ይባላል። ሁለቱ ግን አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን ሊያመጣም ይችላል። ለዓመታት ያልታከመ ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል። መቅኒን «ደም አምርት» ብሎ የሚያዘው ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቀንሳል፣ ደሙም ይወርዳል። ያኔ ቀይ ሥር በኩንታል ቢጠጣ ዋጋ የለውም። የሚያስፈልገው የኩላሊት ምርመራና የግፊት መድኃኒት ነው።

«ኖርማል» የማን ኖርማል?

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየር ሲሳሳ ሰውነት ብዙ ጊዜ ደም ይጨምራል። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን መለኪያ እንደ ከፍታው ያስተካክላል። ባሕር ወለል ላይ መነሻው ለወንድ 13፣ ለሴት 12 ነው። ድርጅቱ ለረጅም ጊዜ በተጠቀመበት ሠንጠረዥ ለ2,500 ሜትር 1.3 ይጨመርበታል። በዚያ ስሌት ሄሞግሎቢኑ 13.5 የሆነ የቦረና አባት ማሽኑ «ኖርማል» ቢለውም ደሙ አንሷል ማለት ነው።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን ለክታ ውጤቱን አሳተመች። አማካይ ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆነ። ባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ክልል አልወጣም፤ እንደ አንዲስ ተራራ ሰዎች ሽቅብ አልተተኮሰም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን መርምሮ የሲ.ዲ. ፎር ቁጥራቸው ከኔዘርላንድ ደም ለጋሾች ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘው። ነጭ የደም ሴልም ቢሆን በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ ጤነኛ ሰው በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ቁጥር አለው።

ምን ለማለት ነው? ማሽኑ ከጎን የሚያትመው «ከዚህ እስከዚህ» ብዙ ጊዜ ለሌላ ሕዝብ የተሰፋ ልብስ ነው። ለእናትህ ከሁሉ የተሻለው መለኪያ የራሷ የአምና ወረቀት ነው። ሁልጊዜ 13 የነበረ ሰው 13 ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ አምና 15.5 የነበረ ዘንድሮ 13 ቢሆን ግን ሁለት ነጥብ ተኩል የት እንደገባ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ወረቀት አይጣል! የመሬት ደብተሩ ባለበት ሳጥን ውስጥ የላብራቶሪ ወረቀትም ይቀመጥ።

ሊቦ ከምከም ምን አስተማረን?

ምክንያትን ሳይጠይቁ ማከም ምን እንደሚያስከፍል ማየት የፈለገ ሩቅ አይሂድ። በደቡብ ጎንደር፣ አዲስ ዘመን አካባቢ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው ይተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ደሙ ይወርዳል። «ወባ ነው» ተባለ። የወባ መድኃኒት አልሠራ ሲል «መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው» ተባለ። በ1997 ዓ.ም. በትክክል ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ካልታከመ የሚገድል፣ ከታከመ የሚድን በሽታ። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሞቷል።

ካላዛር ሦስቱንም የደም ሴል ዓይነቶች ያወርዳል፤ ቀዩን፣ ነጩን፣ ፕላትሌቱን። በሽታው ሥር የሰደደው በመተማና በሁመራ ቆላ ነው። ከአማራ ደጋ ወደዚያ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ገበሬ ደግሞ ቁጥር ሥፍር የለውም። በሽታው ከንክሻው ወራት አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። አባትህን «ቆላ ወርደህ ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀው አለ? ብዙ ቦታ የለም። «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መርፌ ይሰጠዋል፣ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የሹክሹክታው በሽታ

የዚህ ተቃራኒ ጥፋትም አለ። ነጭ የደም ሴል ከፍ ካለ ቤተሰቡ በሹክሹክታ ይታመሳል፤ «የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ ለእሷ እንዳትነግሯት።» ነጭ ሴልን ከፍ የሚያደርገው ግን በብዛት ተራ ኢንፌክሽን ነው። የደም ካንሰር ቢሆንስ? ሁሉም አንድ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚሄደውን አንዱን ዓይነት የሚቆጣጠረው ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። እኛም አገር በዓለም አቀፍ እርዳታ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። እዚያ ሳይደርስ «አይነገራት» ተብሎ የተደበቀ ሰው በበሽታው ብቻ አልሞተም፤ በልጆቹ ዝምታም ጭምር ነው።

«እርጅና ነው» የሚለውም ምርመራ አይደለም። እርጅና ብቻውን ሰውን ከአራት እርምጃ በኋላ አያስቀምጥም። የወሎ ሰው «አብሽር» ሲል ደግ ነው፤ ልብ ያሳርፋል። ምርመራን ግን አይተካም። ጠበሉም ዱዓውም ይሁን፤ ሐኪምን አትጠይቅ ያለ የለም።

«ሽማግሌን በምርመራ ማንገላታት ምን ይሉታል?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። እውነት ነው፣ ማንገላታት አያስፈልግም። የመቅኒ ናሙና የመጨረሻው እርከን እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ ሆድን መዳሰስ፣ ቀጥሎ የዐይነ ምድር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ነው። ቀጥሎም ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ቀብቶ፣ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት። የመጨረሻው የወባ ምርመራ በሚደረግበት ማይክሮስኮፕ የሚሠራ ነው፤ ማሽን የማያየውን የሰው ዓይን ያያል። ኢንዶስኮፒ ካስፈለገ ያን ጊዜ ይመከርበታል። «ይበቃኛል» የማለት መብቱም የባለቤቱ ነው። ለመወሰን ግን መጀመሪያ ማወቅ አለበት።

ሌላውን ጣት ወደ ላይ

ነገሩ በልጆች ላይ ብቻ አይጣል። ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ ለምርመራ መመላለስ ለደካማ ሰው ራሱ ሕመም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የደሴ ሆስፒታል ንብረት ተዘርፏል፤ የተዘረፈው ለዓመታት የተጠራቀመ የምርመራ አቅም ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። ገበሬው ዛሬ መዋጮውን ይከፍላል። «ሪኤጀንት የለም፣ ውጭ አሠሩ» ሲባል ግን ደብተሩ ምን ይሠራለታል? መድን ማለት የካርድ ክፍያ ማዳን ብቻ ከሆነ ስሙ ይቀየር። ደም ማነስ የሚል ወረቀት የሚሰጥ ተቋም ቢያንስ ስላይድ አይቶ፣ ዐይነ ምድር መርምሮ ምክንያቱን የመጻፍ ግዴታ ይኑርበት። ካልቻለም «አልቻልኩም» ብሎ በጊዜ ሪፈር ይጻፍ።

ጥሩ ሐኪም «ለምን?» ሲባል አይቆጣም። የሚቆጣ ካለ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። በሚቀጥለው ስልክ «ምን አሏት?» ብላችሁ አታቁሙ። ወንድማችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይላክ፤ ኤም.ሲ.ቪ. ስንት ነው፣ ነጩና ፕላትሌቱስ፣ የአምናው ስንት ነበር፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለች፣ ዐይነ ምድሯ ጠቁሯል፣ ክብደቷ ቀንሷል? ብራችሁን ከዚያ በኋላ ላኩ።