ፀሐይ በነጻ ትወጣለች፤ ፓምፑ ግን በገንዘብ ነው

«ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም» የሚለው አነጋገር በመካከላችን ሲዘወተር እንሰማለን። በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን የውኃ ፓምፕ ለምን በብዛት እንዳልገዛ ስንጠየቅም፣ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። እኛ ግን ይህ የችኰላ ፍርድ ነው እንላለን።

በፎገራ ሜዳና በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ብዙ ገበሬ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው በነዳጅ ፓምፕ ነው። አያቱ ይህን ሞተር አያውቀውም ነበር። አዲስ ነገር የሚጠላ ሰው ታዲያ ሞተሩን እንዴት ገዛ?

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ በመነሣቱ ሞተሩን መቀለብ ከብዷል። ፀሐይ ክፍያ አትጠይቅም፤ ውኃ በሚያስፈልግበት በበጋም አትጠፋም። ሆኖም ገበሬው የሚያሰላው ሌላ ሒሳብ አለው። ነዳጅ በጥቂት በጥቂቱ ይገዛል፤ የሽንኩርት ዋጋ ከወደቀ ሞተሩን አቁሞ ኪሳራውን ይቀንሳል። የፀሐዩ ፓምፕ ግን የመጪዎቹን ዓመታት ወጪ በአንድ ቀን አስቀድሞ ያስከፍላል።

ይበደር እንዳንል፣ አበዳሪው ዋስትና ይጠይቃል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በመጠቀም መብቱ ዋስትና እንዲበደር በር ቢከፍትም፣ ሰብሉ ሳይደርስ ክፍያ የሚጠይቅ ብድር ለገበሬው ዕዳ እንጂ እርዳታ አይደለም። የእኩል አራሹማ፣ ከርሞ በማያርሰው በሰው ማሳ ላይ ገንዘቡን ስለምን ይተክላል?

ደግሞም ሞተር ቢሰበር መካኒክ በቅርብ ከተማ አይጠፋም። የፀሐዩ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ቢቃጠል ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው እስኪመጣ ሽንኩርቱ ይጠብቃልን? ሌሊትስ ሰሌዳዎቹን ከሌባ ማን ይጠብቃቸዋል? እነዚህ የፍርሃት ሳይሆን የብልኅ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። ከመቶ ንግግራችን ይልቅም የጎረቤቱ ማሳ በጋውን ሙሉ ለምልሞ ማየቱ ያሳምነዋል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ የገጠር መሬት አዋጅም በ1967 ዓ.ም. ታወጀ። የዛሬው ተራ የእኛ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው መፍቻ ይዘው ጥገናውን ይማሩ፣ ያስተምሩም። የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ክፍያው ከመከር ጋር የሚገጥም የብድር ደንብ አጥንተው ለአበዳሪዎች ያቅርቡ። ሁላችንም ደግሞ ገበሬውን ከመውቀሳችን በፊት ሒሳቡን ቁጭ ብለን እንስማ።