ወርክ አውት ይመለስልን!

የዘንድሮ ተማሪ የሒሳብ ደብተር ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? የጥያቄ ቁጥር፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ መልስ። በቃ! መሐል ላይ ያለው መንገድ የለም። ከጎኑ ደግሞ የመምህሩ ቀይ ራይት ጉብ ብላለች። እኛ ይሄንን የቤት ሥራ ብለን መጥራት አቅቶናል። የስልክ ቁጥር ማውጫ ይመስላል።

ለምሳሌ ‹‹ኤክስ ስኩዌር እኩል ይሆናል 5 ኤክስ›› የሚል ጥያቄ ተሰጠ እንበል። ፈጣኑ ልጅ ግራና ቀኙን ለኤክስ ያካፍልና ‹‹5!›› ብሎ ይዘጋዋል። 5ን መልሶ ቢያስገባም 25 እኩል 25፤ ልክ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ዜሮ ጎደለች። ኤክስ ዜሮ ሲሆንም ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው። በወጉ የሚሠራው ልጅ 5 ኤክስን ወደ ግራ ያሻግራል፣ ኤክስን የጋራ አድርጎ ያወጣል፣ ‹‹ኤክስ ሲባዛ በኤክስ ሲቀነስ 5›› ዜሮ ይሆንለታል። የሁለት ነገሮች ብዜት ዜሮ የሚሆነው ቢያንስ አንዱ ዜሮ ሲሆን ነውና፣ መልሱ ወይ 0 ወይ 5 ነው። አራት መስመር እንኳ አይሞላም። የፈጣኑ ልጅ ችግር ዜሮ ሊሆን በሚችል ነገር ማካፈሉ ነው። ያቺ መስመር ካልተጻፈች መምህሩ ችግሩን ከየት ያገኘዋል? ኤክስ አድርጎበት ያልፋል እንጂ። (መቼም የሒሳብ መምህር ኤክስ አያጣም።)

‹‹ፈተናው ምርጫ ነው፣ ስቴፕ ምን ይሠራለታል?›› የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሒሳቡም ምርጫ ነው። አስጠኚው ሁሉ ሾርት ከት የሚቸበችበው ለዚሁ ነው፤ ከሀ እስከ መ እያስገባህ ሞክር፣ የገባውን አጥቁር። ሾርት ከት ረጅሙን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ነው። ለማያውቀው ግን ምን እንደሆነ አይተናል። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥና ኩረጃው ሲጠብቅ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. በተነገረው ውጤት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። እስከ 2017 ዓ.ም. በነበሩት ፈተናዎችም ቁጥሩ ከ10 በመቶ አልዘለለም። ሁሉንም በወርክ አውት አናሳብብም፤ የመጽሐፉም የመምህሩም እጥረት አለ። ግን መንገዱን ጽፎ የማያውቅ ልጅ የሚኮርጅበት ሲያጣ ምን ይዞ ይቀመጣል?

‹‹ይህን ሁሉ ወረቀት ማን ያርማል?›› ደግሞ ቀጣዩ ነው። ጎረቤት ኬንያ ያርማል! የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያቸው የሒሳብ ፈተና ላይ ተማሪው ስቴፑን ይጽፋል፤ መልሱ ቢሳሳት እንኳ ለትክክለኛው አሠራር ነጥብ ይሰጠዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የተፈተኑት እነሱም ወደ 900 ሺህ ገደማ ነበሩ።

ወላጆችንም አንምራችሁ። አስጠኚ ቀጥራችሁ፣ አስጠኚው የቤት ሥራውን ሠርቶ፣ ልጁ ገልብጦ፣ ራይት ሲያመጣ የምትስሙት እናንተ ናችሁ። አሁን ደግሞ አስጠኚውም ሥራ ሊፈታ ነው፤ ስልኩ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ከነስቴፑ ይሠራዋል። ስለዚህ መጻፉ ብቻውን አይበቃም።

60 ተማሪ የያዘ መምህር 10 ጥያቄ ሰጥቶ 600 መልስ ላይ ራይት ከሚያደርግ፣ 3 ጥያቄ ይስጥ። በማግሥቱ ሦስት ልጅ ሰሌዳ ላይ ያውጣና መስመር በመስመር ያሠራ። ሁለተኛው መስመር ላይ ያስቁምና ‹‹ይሄን ለምን አደረግሽ?›› ይበል። ‹‹ስልኩ እንዲህ ስላለኝ›› ካለች እሷም ክፍሉም ይስቃሉ፤ ከዚያ ጠመኔውን ይዛ እንደገና ትጀምራለች። የትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በሚቀጥለው ፈተና ላይ አምስት ብቻ፣ አምስት የወርክ አውት ጥያቄ ያስገባልን። አራሚ ካጣ ሥራ የሌላቸው የሒሳብ ምሩቃን ሰፈራችን ሞልተዋል፤ አድራሻቸውን እንሰጣለን።