ዓይነ ስውሩ ጀግናና የማቀዝቀዣው መብራት

ባለፈው ሰሞን በዚሁ ግድግዳ ላይ «ሱፐርሂሮ የሚባለው ፊልም የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ለእጩ መምህር አይመጥንም» የሚል አስተያየት ተለጥፎ ነበር። ጸሐፊው አይቀየሙኝና አልስማማም። የሕፃኑን ጨዋታ ያላወቀ መምህር ታዲያ ምኑን አወቀ? እኔ ፊልም ወዳጅ ነኝ። የሚበረውንም፣ ግድግዳ የሚወጣውንም፣ ቢላዋ ይዞ በጨለማ የሚያደባውንም እኩል አያለሁ። ከልዕለ ጀግኖቹ ጋር ያለኝ ጠብ በሌላ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የጀመረው ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ ይቆየን። አራተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ልጆች ከበውት አየሁ። የካልሲ ኳስ ከኋላው ይወረውሩበታል። አንዴ ጀርባውን፣ አንዴ ማጅራቱን መታው። ተቆጥቼ ስጠጋ አንደኛው ምንም ሳይደነግጥ «ቲቸር፣ ዴርዴቪል መሆኑን እየፈተንነው ነው፤ መቅለብ ይችላል» አለኝ። ክፋት እኮ የለበትም! ከልቡ አምኗል። ይበልጥ አንጀቴን የበላው ልጁ ራሱ ነው። አፈረና «ዛሬ ነፋስ ስላለ ነው» አላቸው።

ላላያችሁት ባጭሩ ላስረዳ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዴርዴቪል በ1964 በማርቭል የሥዕል መጽሔት የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው። ስሙ ማት መርዶክ፣ ሥራው ጥብቅና፣ ከተማው ኒው ዮርክ። በልጅነቱ አደገኛ ኬሚካል ዓይኑን ያጠፋዋል፤ በምትኩ ጆሮው፣ አፍንጫውና ዳሰሳው ከሰው ልክ ያልፋል። የልብ ትርታ ሰምቶ ውሸታሙን ይለያል፤ ማታ ማታ ከጣራ ጣራ እየዘለለ ወንበዴ ያሳድዳል። በ2003 ቤን አፍሌክ፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በተከታታይ ፊልም ቻርሊ ኮክስ ተጫውተውታል። የኮክሱ ጥሩ ነው፤ አልክድም። በሁለተኛው ክፍል ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ደክሞት፣ ግድግዳ እየተደገፈ የሚደባደብበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሰው ይመስላል።

ግን ልብ በሉ። ዓይነ ስውር ነው ይሉናል እንጂ የሚያመልጠው ነገር የለም። ፊልሙ ዓይን ይወስድና ወዲያው በእጥፍ ይከፍላል። የማካካሻ ሒሳብ ነው። እዚህ ሰበታ ዓይነ ስውሩ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በየቀኑ የሚታገለው መንገድ ዳር ከቆመ ባጃጅና ክዳን ከሌለው ቱቦ ጋር ነው። ማንም በእጥፍ አልከፈለውም። መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ባለበት በዚህ ከተማ እንኳ «እናንተ እኮ ጆሯችሁ ልዩ ነው» የሚለው ሰው አይጠፋም። ጓደኛዬ ታዲያ «ጆሮዬ ያው ጆሮ ነው፤ እናንተ ስለማትጠቀሙበት ነው» ብሎ ይመልሳል።

የሚያስቀው ደግሞ ይኸ ነው። ያ ተከታታይ ፊልም በ2015 በኔትፍሊክስ ሲጀመር ዓይነ ስውር ተመልካች የሚከታተልበት የድምፅ ገለጻ አልነበረውም። ጀግናው ዓይነ ስውር፣ ፊልሙ ለዓይነ ስውር ዝግ! ቅሬታው በዛና በቀናት ውስጥ ገለጻው ተጨመረለት።

ወደ ልብ አንጠልጣዩ ልለፍ፤ ወገንተኝነቴ ወደዚያ ነው። በ1967 ቴሬንስ ያንግ ያዘጋጀው «ዌይት አንቲል ዳርክ» የሚባል ፊልም አለ። ትርጉሙ «እስኪጨልም ጠብቅ» እንደ ማለት ነው። ኦድሪ ሄፕበርን የምትጫወተው ሱዚ ዓይኗ ከጠፋ ብዙ አልቆየም። ሦስት ወንበዴዎች ቤቷ ውስጥ አለ የተባለ፣ አደንዛዥ ዕፅ የተደበቀበት አሻንጉሊት ፍለጋ በማታለል ይመጣሉ። ሱዚ አትበርም፤ የልብ ትርታም አትሰማም። ሰዎቹ የመስኮቱን መጋረጃ በየጊዜው ለምን እንደሚከፍቱና እንደሚዘጉ ግን ትጠይቃለች። እኛ ዓይናሞቹ አይተነው ያለፍነውን እሷ ሰምታ ያዘችው። መጨረሻ ላይ የቤቱን አምፖሎች ትሰባብራለች፤ በጨለማ ሁሉም እኩል ነውና። በዚያን ዘመን ሲኒማ ቤቶች እዚህ ትዕይንት ላይ ሲደርሱ የአዳራሹን መብራት ያጠፉ ነበር።

አንድ መብራት ግን ረሳች። የማቀዝቀዣውን። ወንበዴው የማቀዝቀዣውን በር ከፈተውና ብርሃን ሆነ። ስታይ የኖረች ሰው እንዴት ረሳችው አትበሉ፤ ያ ስሕተት ከዴርዴቪል ዝላይ ሁሉ ይበልጥብኛል። የምትሳሳት ሰው ናትና ልብ ይሰቀላል። የማይሞት ጀግና ሲዋጋ ምኔ ይሰቀል? ቢሞትም በሚቀጥለው ፊልም ይነሣል።

ይህንን ፊልም ከጓደኛዬ ጋር በላፕቶፕ ነው ያየነው። ተራኪው እኔ ነበርኩ። ገና ከመጀመሪያው «ሰውየው ጥግ ላይ ቆሟል፣ እሷ አላወቀችም» ስለው ተቆጣኝ። «አትንገረኝ! እኔም ከእሷ ጋር ልድረስበት እንጂ» አለ። እንደተገለጠልኝ ያኔ ነው። ለኔ ልብ ሰቀላው እሷ የማታውቀውን ማየቴ ነው፤ ለሱ ደግሞ እሷ የምታውቀውን ያህል ብቻ ማወቁ። አንድ ፊልም፣ ሁለት ፍርሃት።

እውነቱን ለመናገር ጓደኛዬ በዴርዴቪል ላይ ያለኝን ጥላቻ አይጋራም። «አንተ ሸረሪት የነከሰው ልጅ ሕንፃ ለሕንፃ ሲንጠለጠል ‹ዓይናሞችን የተሳሳተ ተስፋ ሰጠ› ብለህ ጽፈህ ታውቃለህ? እኔም አንዳንዴ መዝለል ያምረኛል» አለኝ። መልስ አጣሁ። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የኔ ጭንቀት ስለሱ አይደለም፤ ነፋሱን ስለወቀሰው ልጅ ነው።

መስማት ለተሳናቸው ሲሆን ነገሩ ትንሽ ተሻሽሏል። በ2018 የወጣው «ኤ ኳየት ፕሌስ» ውስጥ ድምፅ የሰማ አውሬ ሰው ይበላል። ያንን ቤተሰብ ያቆየው መስማት በተሳናት ልጅ ምክንያት የምልክት ቋንቋ መቻሉ ነው። ልጅቷን የተጫወተችው ሚሊሰንት ሲመንድስ ራሷ መስማት የተሳናት ናት። በ2021 «ኢተርናልስ» ላይ መስማት የተሳናትን ጀግና የተጫወተችው ሎረን ሪድሎፍም እንዲሁ፤ ደግሞም ቀድሞ የሕፃናት መምህርት ነበረች፣ የኛ ሰው! በ2024 «ኤኮ» መጣ፤ አላኳ ኮክስ መስማት የተሳናትና በሰው ሠራሽ እግር የምትሄድ ተዋናይ ናት። ዴርዴቪልን ግን እስካሁን የሚጫወቱት የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

ዓይነ ስውር ጠበቃ ከተባለ ደግሞ እኛም አሉን። የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ተወልደው ዓይናቸውን ያጡት በአምስት ዓመታቸው ነው። ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዓይናቸው ባይጠፋ ኖሮ ይጠብቃቸው የነበረው ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ኬሚካል የለም። የላኳቸው ቤተሰብና የተቀበላቸው ትምህርት ቤት አሉ። ለዚያ ልጅ በማግስቱ የነገርኩት ይህንኑ ነው። «ኳስ ይቀልባሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይመስለኝም» አልኩት። ሳቀ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በሄድኩባቸው የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የድምፅ ገለጻ ገጥሞኝ አያውቅም። እኛ ግን ለዚህ ባዕድ አይደለንም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ማን ምስል ጠየቀ? የትርጉም ፊልም ተራኪዎችም ሳያስቡት ግማሹን ሥራ ሠርተውልናል፤ ጓደኛዬ የሚከታተለው በእነሱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን በትረካ ፊልም ለማሳየት አስበናል። ምላሱ የቀናና የማይቸኩል ሠልጣኝ ስሙን ከዚህ ወረቀት ሥር ይጻፍልን፤ መምህራንም ብትሆኑ ደስ ይለናል። እኔ ከተራኪነት ተሰናብቻለሁ። ወንበዴው ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ፈርቼ ዝም ስላልኩ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም።